ማንም አልመጣም

በዚያ ዘመን ከጻፍኳቸው ዜናዎች አንዱም በእጄ የለም። ጋዜጣው ከተዘጋ ቆይቷል፤ በፋክስ የላክኳቸው ወረቀቶችም ቀለማቸው ለቆ ባዶ ሉክ ሆነዋል። የቀረኝ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ነው። በውስጡ ያለው ስለ ራሴ የተጻፈ ሪፖርት ቅጂ ነው። ሪፖርቱን ለሚመለከተው ያቀርቡ የነበሩት አከራዬ ናቸው። የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ቡታጅራ የገባሁት ሞባይል ስልክ ወደ ወረዳ ከተሞች መዝለቅ በጀመረባቸው ዓመታት ነው። የአንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ የአካባቢው ዘጋቢ ነበርኩ። የተከራየኋት ክፍል ከግቢው ጀርባ ያለች ሰርቪስ ናት፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠባብ በረንዳ። አከራዬ የመስቃን ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው መርካቶ ገብተው ለዓረፋ ካልሆነ አይመጡም። እኔ "እማማ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ፊት ለፊት ሲያናግሩኝ "ልጄ"፣ ለሰው ሲያወሩ ግን "ጋዜጣው" ይሉኛል። "ጋዜጣው አልተነሳም።" "ጋዜጣው የለም፤ ቆሼ ሄዷል" ይላሉ፤ ቆሼ በቅርብ ያለች ከተማ ናት። ጋዜጠኛ የሚለው ቃል ረዝሞባቸው ይሆናል።

ሲም ካርድ ለማውጣት የቀበሌ መታወቂያ ይጠየቅ ነበር። የእኔ መታወቂያ ካደግሁበት ከተማ የወጣ ነው፤ ጊዜውም አልፎበታል። ይህን በረንዳዬ ላይ ቆሜ ለራሴ ሳጉረመርም እማማ ከኩሽናቸው በር ሰሙኝ።

"የኔ አለ አይደል?" አሉ።

ወንፊት ላውስህ እንደሚል ሰው ነው ያሉት። ሁለት ጠዋት አብረውኝ ተሰለፉ፤ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። ቁጥሩ በእሳቸው ስም ተመዘገበ፤ ቀፎው በእኔ ኪስ ገባ። በከተማው እንዲህ ያላደረገ ጥቂት ነበር። ወንድም በወንድሙ፣ ሠራተኛ በአሠሪው፣ ምራት በአማቷ ስም ነበር የምትደውለው። ስም ማዋስ ውለታ ነበር። ስም ተመልሶ የሚጠየቅ ነገር መሆኑን ያሰበ አልነበረም። ሥራዬ መጠራጠር ሆኖ እኔም አላሰብኩትም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን በዚያ ቁጥር አንድ ገበሬ ከመስቃን ገጠር ደወለልኝ። በመንደራቸው ቦኖ ተመርቋል፤ ሪቫን ተቆርጧል፤ ውሃው የወረደው ግን በምረቃው ቀን ብቻ ነው። ሄጄ አየሁ። ሦስት ሰዎችን ለየብቻ ጠየቅሁ። የሦስቱም ቃል አንድ ነው፦ ለምረቃው ውሃ በቦቴ መጥቶ ሮቶው ውስጥ ተሞላ፤ እንግዶቹ ሄዱ፤ ሮቶው ባዶ ቀረ። ገበሬውን ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ በደረቀው ቧንቧ አጠገብ አቁሜ ፎቶ አነሳሁት።

ዜናውን ከነፎቶው ላክሁ። አዘጋጁ "ይቆይ" አለኝ። የቆየ ዜና ምን እንደሚሆን ስለማውቅ አልተከራከርኩም። ከሳምንታት በኋላ ግን ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ያየሁት ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም። የምጠረጥረው ሰው አለ፤ ማረጋገጥ የማልችለውን ግን አልጽፍም። ከፎቶው ሥር ሰዎች ይሳሳቁ ነበር። አንዱ "ጀሪካኑ ራሱ የተጠማ ይመስላል" ብሏል። እኔ የማየው የገበሬውን ፊት ነበር። በዜናው ውስጥ ስሙን ደብቄለት ነበር። ፊቱን መደበቅ አላሰብኩም።

ብዙም ሳይቆይ እማማ ከአንድ ጽሕፈት ቤት መጥሪያ መጣላቸው። ወረቀቱን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። "ስለ ስልክ ጉዳይ" ይላል። አብሬያቸው ሄድኩ።

የተቀበለን ሰው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ለእማማ ከወንበሩ ተነስቶ መቀመጫ የሳበ ጨዋ ሰው ነበር።

"እማማ፣ በስምዎ ስልክ አለ?"

"እኔ ስልክ የለኝም።"

"በስምዎ ግን አለ።"

"ቁጥሩ የእኔ ነው" አልኩት። "ስማቸውን አውሰውኝ ነው። የሚጠየቅ ነገር ካለ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"እሱንማ እናውቃለን" አለ ፈገግ ብሎ። "ማን እንደሚደውልበት፣ ወዴት እንደሚደውልበት ካወቅን ቆየን። እርስዎን አልጠራንም። ውጭ ይጠብቁ።"

ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እየደጋገምኩ የማስበው አንድ ነገር ነበር። ቁጥሩ የእኔ መሆኑን ካወቁ እሳቸውን ለምን ጠሩ? እማማ ሲወጡ ባጃጅ ተሳፈርን። ግቢያችን ገብተው ነጠላቸውን ካወረዱ በኋላ ነው አፋቸውን የከፈቱት።

"ጠርናፊ አደረጉኝ።"

አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ያኔ ከተማው ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አንድ ሰው አምስት ሰው ይይዛል፣ ያዡም ጠርናፊ ይባላል።

"እነማንን?" አልኳቸው።

"አምስት አይደለም። አንተን ብቻ።" ነጠላቸውን እያጠፉ "እኔ የማውቀው እንጨት ሲጠረነፍ ነው" አሉ። "አንድ ሰው ብቻውን እንዴት ይጠረነፋል?"

ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። በየዓርቡ ጠዋት በጽሑፍ ሪፖርት ማምጣት አለባቸው፦ እኔ ዘንድ ማን መጣ፣ ስንት ሰዓት ወጣሁ፣ ስንት ሰዓት ገባሁ። የቤታቸው ካርታ ገና በሟች ባላቸው ስም ነበር፤ ወደ እሳቸው ይዛወር ብለው ካመለከቱ ዓመታት አልፈዋል። ሰውየው በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ "ሪፖርቱ ካልተቋረጠ ካርታውም አይጓተትም" ብሏቸዋል። ሌላ ያላቸው ነገር አልነበረም። ያ ቤት ነበር ያላቸው ሁሉ።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሉክ ወረቀት ይዘው ክፍሌ መጡ።

"ጻፍልኝ።"

"እኔ? ስለ ራሴ?"

"ማን ይጻፍልኝ? የጎረቤት ልጅ ባስጽፍ ሳይመሽ ቆሼ ይሰማል። ደሞ ስላንተ ካንተ በላይ ማን ያውቃል?"

ብዕር አነሳሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። "ውሸት አላጽፍህም። 'ወላሂ ይበሉ' ቢሉኝ ምን ልል ነው?"

በዚህ ተስማማን፤ እኔም በዕድሜዬ ሌላ ዓይነት ሪፖርት ጽፌ አላውቅም። ካርቦን ከሥር አደረግሁ። ቅጂ መያዝ የሥራ ልማዴ ነው።

"ዓርብ ምንም አልመጣም" ብለው ጀመሩ።

"ማንም" አልኳቸው። "ለሰው ሲሆን ማንም ነው።"

"ሰው ካልመጣ ምንም አልመጣም ማለት አይደል?"

ማንም አልመጣም ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ፣ ማንም አልመጣም። እሑድ፣ ተከራዩ ሦስት ሰዓት ላይ ዳቦ ገዝቶ ተመለሰ፤ ማንም አልመጣም። ሐሙስ ላይ ስንደርስ ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔ አሁን መምጣቴን ትጽፈዋለህ?"

"አልጽፍም። ሪፖርት የሚያቀርብ ሰው ራሱን ዜና ውስጥ አያስገባም።"

"እሱም ደንብ አለው?"

"አለው።"

ሐሙስ፣ ማንም አልመጣም። ጣታቸውን ቀለም አስነክቼ አስፈረምኳቸው።

እንዲህ ስንጽፍ ከረምን። ከዚያ በፊት እሑድ እሑድ አንድ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ ይመጣና በረንዳው ላይ ዳማ እንጫወት ነበር። የመጥሪያው ወሬ ከተሰማ ወዲህ ከመንገዱ ማዶ እጁን አንስቶ ሰላም ይለኝና ያልፋል። አልፈርድበትም። ደመወዝተኛ ነው፤ ቤተሰብ አለው፤ የእኔን በር የረገጠ ሰው ወረቀት ላይ እንደሚሰፍር ያውቃል። እኔም በበኩሌ ለሰው መደወል ተውኩ። ቁጥሬ በማን ስልክ ላይ ቢገኝ ያን ሰው የሚያስጠይቅ መሰለኝ። ስልኩ ሲጠራ ከዋናው ቢሮ ነው፤ ዜና አለህ ወይ ይሉኛል፣ የለም እላለሁ። የዳማውን ጠጠር ለብቻዬ ደርድሬ በሁለቱም ወገን ለመጫወት ሞክሬ አውቃለሁ። አይሆንም። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁልጊዜ ታውቀዋለህ።

ብቸኛ መሆኔን ሳልጽፈውም አውቀው ነበር። በቀን በቀን ተለይቶ፣ በሰዓት ተደግፎ፣ በፊርማ ተረጋግጦ ግን አይቼው አላውቅም። አንድ ሐሙስ እማማ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ማንበብ እንደሚችል ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው" አሉ።

"አንድ ዓይነት ነው።"

"ይሄን ይዤ ስሄድ እኔን ያሳፍረኛል። ሰው ቤቴን የሚሸሽ ነው የሚመስለው። ሰው ልጥራልህ እንዴ?"

"ከጠሩልኝ እንጽፈዋለን።"

"ተወው በቃ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሐሙስ ሲመጡ ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ ቆጮም ቢሆን፣ የተቀቀለ ድንችም ቢሆን፣ በሳህን ከድነው ይይዛሉ። ሪፖርቱ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። እሳቸው ግን ቶሎ አይነሱም። መርካቶ ስላሉት ልጆቻቸው፣ ባላቸው ቤቱን ሲሠሩ ድንጋዩን ከየት እንዳስመጡ ይነግሩኛል። እኔ እሰማለሁ። ስሰማ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ በእነዚያ ሰዓታት ግን ብዕሬ ተከድኖ ነው የሚቀመጠው።

አንድ ረቡዕ ያ ገበሬ መጣ። ጫማው ጭቃ ስለነበር ክፍሌ አልገባም ብሎ በረንዳው ላይ ቆመ። ሰላምታውን አሳጠረ።

"አውርደኝ" አለኝ።

"ከየት?"

"ከፌስቡክ ነዋ። ሰቅለኸኛል ይላሉ።"

"እኔ አልሰቀልኩህም። ያነሳሁህ ግን እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ያነሳ ያወርዳላ። እዚያ ላይ ጀሪካን ይዤ ቆሜ ነው ያለሁት። ስንት ወር ልቁም?"

ፌስቡክ አይቶ አያውቅም። አንድ የእህቱ ልጅ በስልክ አሳይቶታል። ገበያ ሲወጣ "ውሃው መጣልህ?" እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱን ችሎታል። ያልቻለው ሌላ ነው። ከወረዳ ሰዎች መጥተው ፎቶውን ማን እንዳነሳው ጠይቀውታል። አልፎ ሂያጅ ነው፣ አላውቀውም ብሏል። እኔን ሲሸሽግ ራሱን በቃሉ አስሯል። እኔ ዘንድ መምጣቱ ከታወቀ ያ ቃል ውሸት ይሆናል፤ ውሸታም የተባለ ገበሬ ደግሞ መሬቱ ላይ በሰላም አይቀመጥም።

የማውቀውን ነገርኩት። አንዴ የወጣ ፎቶ ሰው ለሰው ሲቀባበለው ባለቤት እንደሌለው፣ እኔ ቀርቶ የሰቀለውም ሰው ሊያወርደው እንደማይችል። ቀስ ብዬ፣ ሳልሸፋፍን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ።

"ፊት ኮ የሰው ነው" አለ በመጨረሻ። "ጀሪካኑን ብቻ ብታነሳ ምን ነበረበት?"

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ወጣት ጋዜጠኞች ነግሬያለሁ።

እማማ ከኩሽናቸው በር ቆመው ሲያዩን ነበር። ማግስቱ ሐሙስ ነው። እኔም እሳቸውም ይህንኑ ነው ያሰብነው።

"አንተ ልጅ" ብለው ጠሩት፤ ሰውየው አምሳ ዓመት ይሆነዋል። "አሰላሙ አለይኩም የማትለኝ ምን አድርጌህ ነው? ና ወዲህ ግባ። ከማን ቤት ነህ?"

በጉራጊኛ ማውራት ጀመሩ። ያባቱን ስም ጠየቁ፤ ያያቱን ጠየቁ፤ መንደሩን ጠየቁ። ከደቂቃዎች በኋላ የባላቸው እናት የተወለዱበት አገር ሰው ሆኖ ተገኘ። በዚያ አካባቢ አጥብቆ ለጠየቀ ሰው ዝምድና አይጠፋም። ጭቃ ጫማውን አስወልቀው ሰሌን ላይ አስቀመጡት፤ ቆጮ ቆረሱለት፤ ጎመንና አይብ አቀረቡለት። ሰውየው በላ። እኔን አልጠሩኝም። በረንዳዬ ላይ ቆሜ እነሱ ሲስቁ እሰማ ነበር።

ሐሙስ መጥተው ተቀመጡ።

"ጻፍ። ረቡዕ፣ ለእኔ እንግዳ መጣ። የባለቤቴ አገር ሰው ነው። በልቶ ሄደ።"

"እማማ፣ የመጣው እኔ ጋ ነው።"

"አንተ ጋ ቆመ። የበላው እኔ ቤት ነው። ሰው እህል የቀመሰበት ቤት እንግዳ ነው። ወላሂ በይ ካሉኝ እላለሁ።"

"ለተከራዩስ ምን ልበል?"

"ክፍልህ ገብቷል?"

"አልገባም።"

"እንግዲያ የተለመደውን ጻፍ።"

ዓረፍተ ነገር አውቃለሁ። እያንዳንዱ ቃሉ እውነት ሆኖ በጠቅላላው የሚሸሽ ዓረፍተ ነገር ሲገጥመኝ ከሌሎች ጽሑፍ ስሰርዝ ኖሬያለሁ። ለጋዜጣ ቢሆን ይህንንም እሰርዘው ነበር። ረቡዕ፣ ማንም አልመጣም ብዬ ጻፍኩ። እማማ ጣታቸውን ዘረጉ።

ወር ሳይሞላ መናኸሪያ ላይ የቆሼ ሚኒባስ ስጠብቅ ያ ዝግ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ከኋላዬ መጥቶ ጨበጠኝ። ጤናዬን ጠየቀ።

"እማማ ጥሩ ጸሐፊ አላቸው" አለኝ። "አራት ነጥብ አይስቱም። እኛ ቢሮ እንኳ እንዲህ የሚጽፍ የለም።"

ሚኒባሱ መጥቶ እንደሆነ ወደ በሩ አየሁ።

"የባለቤታቸው አገር ሰውስ ደህና ናቸው?" አለና መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

ቆሼ አልሄድኩም። አንድ ሻይ አዝዤ መናኸሪያው በር ላይ ተቀመጥኩ። ሰውየው አላስፈራራኝም፤ የተናገረው ሁሉ ቢጻፍ ሰላምታ ነው። ያወቀውን ግን አሳውቆኛል። እኔ በዚያ ግቢ እስካለሁ ድረስ እማማ በየሳምንቱ በወረቀት ላይ ጣታቸውን ያኖራሉ፤ አንድ ቀን ወረቀቱ ሲገለጥ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። ካርታው ይቀራል። ገበሬውም ይከተላል። እኔ ከሌለሁ ግን የሚጠረነፍ የለም፤ ሪፖርትም የለም። ሻዩ ሳያልቅ ወሰንኩ። ለዋናው ቢሮ ደውዬ የዞኑ መቀመጫ ወልቂጤ ስለሆነ እዚያ ሆኜ ብዘግብ ይሻላል አልኩ። ጥሩ ምክንያት ነበር። ተቀበሉኝ።

የመጨረሻውን ሪፖርት አብረን ጻፍን። ቅዳሜ፣ ተከራዩ ዕቃውን ጭኖ ወደ ወልቂጤ ይሄዳል። ማንም አይሸኘውም።

"እኔ ልሸኝህ አይደል?"

"እርስዎ ሪፖርት አቅራቢ ነዎት።"

"ደንብህ ክፉ ነው" አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሲም ካርዱን ከቀፎዬ አውጥቼ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። በስማቸው ነውና የእሳቸው ነው። ልጆቻቸው ቀፎ ሊገዙላቸው ቃል ገብተው ነበር። በሩ ድረስ መጥተው ቆሙ፤ ባጃጁ ሲታጠፍ ዞር አላልኩም።

ወልቂጤ በራሴ መታወቂያ፣ በራሴ ስም ስልክ አወጣሁ። የተከራየሁት ክፍል ሰፊ ነበር። ማን እንደመጣ የሚጠይቅ የለም፤ የሚመጣም የለም፤ አለመምጣቱንም የሚጽፍ የለም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የትም ብሆን ሰዓቴን አያለሁ። በቃሌ የማውቀው አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ ነበር፣ ያ ለዓመታት የእኔ ነው ስል የኖርኩት ቁጥር። አልደወልኩበትም። ከእኔ ወደ እሳቸው የሚሄድ መስመር በየትኛውም መዝገብ ላይ እንዲታይ አልፈለግሁም። ሰውን ባለመደወል መጠበቅ እንደሚቻል ያኔ ነው ያወቅሁት።

ከዓመት በላይ ቆይቼ አንድ ጊዜ ደወልኩ፤ ከሱቅ ስልክ።

"አሎ" አሉ፤ የሚጮሁት ሩቅ ስለሆነ ነው።

"ደህና ኖት?"

"አልሐምዱሊላህ። ማን ልበል?"

ስሜን አልጠራሁም። "ማንም" አልኩ።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሲስቁ ሰማሁ።

"ማንም!" አሉ። "ማንም ደወለ እንዴ? እኔ ደሞ ምንም ነህ ብዬ ትቼህ ነበር።" ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ቀጠሉ። "ካርታው ወጣ። በስሜ ነው። እንግዳዬም ደህና ነው፤ በቀደም መጥቶ በላ። በቃ ዝጋው፣ ብርህን አትጨርስ።"

ዘጉት። እኔ እጀታውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ባለሱቁ ይጨርሱ እንጂ በሚል ዓይን አየኝ።

ደብተሩን አሁንም አልፎ አልፎ አነበዋለሁ። የሪፖርቱን ቅጂ ከነካርቦን ቀለሙ በየገጹ ለጥፌዋለሁ። ለሌላ ሰው አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። በሙያችን ስህተት የተገኘ እንደሆነ እርማት ይወጣል፤ አጭር ነው፣ ምክንያት አይደረደርበትም። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእጄ እንዲህ ጽፌያለሁ።

እርማት። በሁሉም ሳምንታት ሐሙስ ማንም አልመጣም ተብሎ የተጻፈው ስህተት ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰው መጥተዋል። ሳህን ይዘው ነበር። እስኪመሽ ቆይተዋል።